አመልካቹ ሲሞት ፔቲሽኑ ምን ይሆናል?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነው። በቅርቡ ዘመድ የሞተባችሁ ካላችሁ፣ አስቀድመን ፈጣሪ ያጽናችሁ እንላለን። ዝግጅቱን ያሰናዳነውም በተለይ እናንተን አስበን ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው አሜሪካ ሆኖ ለሚስቱ፣ ለልጁ፣ ለእናቱ ወይም ለወንድሙ ፔቲሽን አስገባ። ጉዳዩ ሳያልቅ ሰውየው ሞተ። የተጀመረው ነገር ምን ይሆናል?

አንዳንዱ ቤተሰብ «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ሌላው ደግሞ «ፔቲሽኑ እኮ ጸድቋል፣ ምን ይሆናል» ብሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ተራውን ይጠብቃል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳ ሰው አለ። ሕጉ ለአንዳንዱ ቤተሰብ ሰፊ ዕድል ሰጥቷል፤ ለሌላው ጠባብ ዕድል፤ ለቀረው ደግሞ ምንም አልሰጠም። የእናንተ ጉዳይ ከየትኛው እንደሚመደብ ማወቅ የሚቻለው ግን ሲጠየቅ ነው። ሳይጠየቅ የሚመጣ ነገር የለም።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ እንዳይመስላችሁ። አንድ የአሜሪካ ዜጋ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ያስገባው ፔቲሽን በአሁኑ ጊዜ ተራው እስኪደርስ ከ15 ዓመት በላይ ይወስዳል። ለዚህ ዘርፍ በዓመት የተመደበው ቪዛ ለመላው ዓለም 65,000 ገደማ ነው፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ የወንድምየው ሚስትና ልጆቹም ይቆጠራሉ። በ55 ዓመቱ ለታናሽ እህቱ ያመለከተ ሰው፣ ተራዋ ሲደርስ 70 አልፎታል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ሞት መምጣቱ የሚያስገርም አይደለም። እንዲያውም ፔቲሽን ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

እኛ ዘንድ ግን ይህን ማሰብ ይከብዳል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ወረቀት ማንሳት ነውር ነው። አርባው ይውጣ፣ ሰማንያው ይለፍ፣ ሙት ዓመቱ ይድረስ እየተባለ ነገሩ ይቆያል። መርዶውም ቢሆን ወዲያው አይነገርም። የታመመ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ፈተና ላይ ያለ ልጅ አለ ተብሎ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ይህ ደግነት ነው፤ እኔም እንዲቀር አልመክርም። ነገር ግን የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መርዶው የተሰማበትን ቀን አያውቅም። የሚቆጥረው ነፍስ ከወጣችበት ዕለት ጀምሮ ነው። ስለዚህ አልቃሹ እያለቀሰ፣ ከቤተሰቡ አንድ የረጋ ሰው ወረቀቱን ሊይዝ ይገባል።

ወደ ሕጉ እንግባ። የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ሕግ ጨካኝ ነው። አይ-130 የሚባለው የቤተሰብ ፔቲሽን የአመልካቹ ጥያቄ ነው እንጂ የተጠሪው፣ ማለትም ፔቲሽኑ የገባለት ሰው፣ አይደለም። አመልካቹ ከሞተ ጠያቂ የለም። ፔቲሽኑ ገና እየታየ ከነበረ አይጸድቅም። ጸድቆ ከነበረ ደግሞ ማጽደቁ በሕጉ ኃይል ራሱ ይሰረዛል። ይህ እንዲሆን ማንም ደብዳቤ መጻፍ የለበትም። የስረዛ ማስታወቂያ ስላልደረሳችሁ ብቻ ፔቲሽኑ በሕይወት አለ ማለት አይደለም።

ከዚህ መነሻ ላይ ነው የማምለጫ መንገዶቹ የተሠሩት። የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን ለማወቅ ሦስት ነገር ይጠየቃል። የሞተው ማን ነው፤ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያለው? በሞተበት ዕለት ፔቲሽኑ ጸድቆ ነበር ወይስ ገና ነበር? በዚያው ዕለት እናንተ የት ነበራችሁ፤ አሜሪካ ወይስ ከአሜሪካ ውጭ? እነዚህን ሦስት መልሶች ጽፋችሁ ያዙ። ወደ ጠበቃ ስትሄዱም መጀመሪያ የምትጠየቁት እነዚህን ነው።

ባል ወይም ሚስት ከሞተባቸው እንጀምር፤ ምክንያቱም ሕጉ ከሁሉ የበለጠ የራራው ለእነሱ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ከ2009 በፊት የአሜሪካ ዜጋ ያገባ ሰው፣ ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የትዳር ጓደኛው ከሞተ መብቱን ያጣ ነበር። ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት፣ ፔቲሽንሽ ውድቅ ሆኗል፣ ከአገር ውጪ ትባል ነበር። በአሜሪካ ይህን የመበለትነት ቅጣት ይሉት ነበር። ካርላ ፍሪማን የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት ይህ ደረሰባት። ባሏ በመኪና አደጋ ሲሞት ትዳራቸው ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከሰሰች። በ2006 የዘጠነኛው ችሎት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ባሏ ስለሞተ ሚስትነቷ አልቀረም ብሎ ፈረደላት። ሌሎች መበለቶችም በየፍርድ ቤቱ ተከተሏት፤ አንዳንዶቹ ረቱ፣ አንዳንዶቹ ተረቱ። በመጨረሻ ኮንግረስ ሕጉን ቀየረው፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ ጥቅምት 28 ቀን 2009 ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ የሁለት ዓመቱ የትዳር ዕድሜ ጥያቄ ቀርቷል።

አሁን ያለው እንዲህ ነው። ሟቹ የአሜሪካ ዜጋ ከነበረ፣ ባል ወይም ሚስት የሆነው ሰው ለራሱ ማመልከት ይችላል። ፎርሙ አይ-360 ይባላል። የጊዜ ገደቡ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ሟቹ በሕይወት እያለ አይ-130 አስገብቶ ከነበረ፣ ያ ፔቲሽን በሕጉ መሠረት ወደ አይ-360 ይዞራል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው መሞቱን ከነማስረጃው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ነው። ምንም ነገር አስገብቶ ካልነበረም መብቱ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ልድገመው። ባልሽ ዜጋ ከነበረና ገና ምንም ወረቀት ሳይጀምርልሽ ከሞተ፣ አንቺ ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለዚህ መብት አሜሪካ ውስጥ መኖር አያስፈልግም። ባሏ ሲያትል ሞቶ እሷ ጎንደር ወይም ደሴ ያለች ሴት በአይ-360 ማመልከት ትችላለች፤ ሲጸድቅላት ቪዛውን የምትጠይቀው አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ስፖንሰርም አትጠየቅም። ሌላው ሁሉ ስፖንሰር ፍለጋ ሲንከራተት፣ ለመበለቶች ሕጉ ይህን ሸክም አንሥቶላቸዋል። ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿም አብረዋት ይገባሉ።

ግዴታዎችም አሉት። ሰውየው በሞተበት ዕለት ተፋትተው ወይም በፍርድ ቤት ተለያይተው መሆን የለበትም። ግሪን ካርዱ እስኪገኝ ድረስ ሌላ ማግባት አይቻልም። ይህን የምለው በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ለመጨመር አይደለም፤ ዘመድ አዝማድ «ዕድሜሽ ገና ነው» ብሎ ሲያቻኩል፣ ሠርጉ ወረቀቱን እንደሚያፈርሰው የሚነግራት ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ትዳሩም የእውነት ትዳር እንደነበር ማሳየት አለባት። ባለቤቷ ስለሞተ ቀርቦ የሚመሰክርላት የለም፤ ማስረጃው ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል። የሠርጉ ፎቶና ቪዲዮ፣ ይልክላት የነበረው ገንዘብ ደረሰኝ፣ የስልክና የዋትስአፕ መልእክት፣ ሊጠይቃት የመጣበት የፓስፖርት ማኅተም፣ የሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ምስክርነት፣ ሁሉም ይጠቅማል። የሟቹ ስልክ ከመዘጋቱ፣ ቤቱም ተጠርጎ ዕቃው ከመበተኑ በፊት ይህ ይሰብሰብ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ነገር ለብዙዎቻችን ፈተና ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻን ሁሉ ይቀበላል። ነገር ግን በቁርባን ወይም በኒካህ ተጋብቶ በመንግሥት መዝገብ ያላስመዘገበ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ከሞተ በኋላ ጋብቻው እንደነበር ለማሳየት ፍርድ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ከሁለት ዓመቱ ላይ ስድስት ወር በዚህ ብቻ ሊሄድ ስለሚችል ቶሎ ይጀመር።

ሟቹ ዜጋ ሳይሆን ግሪን ካርድ ብቻ ከነበረው ግን፣ ይህ ሁሉ የተናገርኩት የመበለት መብት የለም። ያው ሞት፣ ያው ትዳር፣ ያው ሐዘን ሆኖ፣ በአንድ ወረቀት ልዩነት መብቱ ይቀራል። እኔ ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። አምስት ዓመት ሞልቷችሁ ለዜግነት ብቁ ሆናችሁ፣ እንግሊዝኛው ይሻሻል፣ ሥራው ይቅለል እያላችሁ ዛሬ ነገ የምትሉ፣ አገር ቤት ሚስትና ልጅ ካላችሁ ይህን ነገር አስቡበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ። ይህኛው አሜሪካ ውስጥ ላሉ ነው። ሕጉን የሚያውቁ ሰዎች አንቀጽ 204 ኤል ይሉታል። እሱም የወጣው በዚያው በጥቅምት 2009 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት፣ አመልካቹ በሞተበት ዕለት አሜሪካ ይኖር የነበረና ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስም እዚያው የሚኖር ሰው፣ ፔቲሽኑ ጸድቆ የነበረም ይሁን ገና የሚታይ፣ አመልካቹ በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስትም ትገባበታለች። የስደተኝነት ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለቤተሰቡ ያስገባው አይ-730 የተባለ ፔቲሽን ጭምር ይካተታል።

እዚህ ላይ መኖር የሚለው ነገር በደንብ ይታይ። ሕጉ የሚጠይቀው ቤትህ፣ አዳርህ የት ነው የሚለውን ነው። ሕጋዊ ፈቃድ ይዘህ ነው ወይ የምትኖረው አይልም። ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ቨርጂኒያ ውስጥ ከልጇ ጋር የተቀመጠች እናት፣ ተማሪ ሆኖ የመጣ ልጅ፣ የጥገኝነት ጉዳዩን የሚጠብቅ ሰው፣ ኑሮው እዚያ መሆኑን ካሳየ ይህን መስፈርት ያሟላል። ግሪን ካርዱን እዚያው ሆኖ ለማግኘት ሌሎች መስፈርቶች ስላሉ፣ ፈቃዱ ያለቀበት ሰው ከማመልከቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። የኪራይ ውል፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ቤት ወረቀት፣ ስማችሁና አድራሻችሁ ያለበት ማንኛውም ነገር ማስረጃ ነው።

ለቀብር ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ደርሶ መመለስ ኑሮን አያቋርጥም፤ ለአጭር ጊዜ መሄድ መኖሪያን አያስለውጥም። ሆኖም ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከአሜሪካ ከወጣ መመለሻ ሊያጣ ይችላል። እናቱ ሞታበት አውሮፕላን የሚቆርጥን ሰው ቆይ ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት አንድ የስልክ ጥሪ ለጠበቃ ይደረግ።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድ ለቤተሰብ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር አለ። በፔቲሽኑ ውስጥ ከተካተቱት ሰዎች አንዱ ብቻ አሜሪካ የሚኖር ከሆነ፣ ሌሎቹ ውጭ ያሉትም ይድናሉ። እንበልና አንድ ዜጋ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ አመለከተ። ወንድምየው፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ያላገባች የ19 ዓመት ልጃቸው ግን ሚኒሶታ ኮሌጅ ትማራለች። አጎቷ ሞተ። በዚያች ልጅ ምክንያት የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ሊቀጥል ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ ከሌለ ግን፣ አባት አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የወንድሙን ፔቲሽን ይተወዋል፤ ልጅቷም ቁልፉ በእጇ እንደነበር ሳታውቅ ትመረቃለች።

ይህ አንቀጽ ግን የሚፈቀደው በባለሥልጣኑ ውሳኔ ነው። ማጽደቁ ለሕዝብ ጥቅም አይበጅም ብሎ ካመነ ሊከለክል ይችላል። ምትክ ስፖንሰርም ያስፈልጋል፤ ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ አገር ቤት፣ ወይም ኬንያ፣ ሱዳን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዱባይ ሆነው ለሚጠብቁ። ከእናንተ ውስጥ አሜሪካ የሚኖር ማንም የለም፤ የሞተውም የትዳር ጓደኛ ሳይሆን እናት፣ አባት፣ ልጅ ወይም ወንድም ነው። ፔቲሽኑ ከሞቱ በፊት ጸድቆ ነበር ወይ? ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

ጸድቆ ከነበረ፣ የተሰረዘው ፔቲሽን በሰብአዊነት እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ የተለየ ፎርም የለም፤ ክፍያም የለውም። በደብዳቤ የሚቀርብ ልመና ነው። ልመናውን የሚያቀርበው ፔቲሽኑ በስሙ የገባለት ዋናው ሰው ነው፤ ሚስቱ ወይም ልጆቹ በእሱ ስር ስለተካተቱ ብቻ መጠየቅ አይችሉም። ከደብዳቤው ጋር የሟቹ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የፔቲሽኑ መጽደቂያ ወይም ቁጥሩ፣ የምትኩ ስፖንሰር ሰነዶችና ምክንያቶቹን የሚያስረዱ ማስረጃዎች ይላካሉ። ከተፈቀደ የድሮው የተራ ቀን አይጠፋም። አሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ከአሥሩ ላይ ይቀጥላል።

ደብዳቤውን ስለመጻፍ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ስለሆነ። አገር ቤት ያለ ሰው ሲጽፍ የሚቀናው የራሱን ችግር መዘርዘር ነው። ኑሮ ተወደደ፣ ሥራ የለም፣ ሰላም የለም። እውነት ነው፤ ግን መሥሪያ ቤቱ በዋናነት የሚመዝነው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ይህ ሰው ባይመጣ ምን ይደርስበታል? ቤተሰቡ ይበተናል ወይ? ልመናውን የሚያቀርበው ሰው ሽማግሌ ወይም ታማሚ ነው ወይ? የሚመለስበት ቤት፣ የሚጠጋበት ዘመድ ከአሜሪካ ውጭ አለው ወይ? መንግሥት ራሱ ጉዳዩን አለአግባብ አዘግይቶታል ወይ? አሜሪካ ካለው ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር ምን ያህል ጠንካራ ነው? ለምሳሌ ያመለከተችው እናት ሞታ፣ አባት ብቻውን ሜሪላንድ ቀርቶ ከሆነ፣ ስኳሩና ደም ግፊቱ በሐኪም ወረቀት ይታይ፤ ሌሎቹ ልጆች ለምን ሊያስታምሙት እንዳልቻሉ ይገለጽ። ይህ ነው ክብደት ያለው። ደብዳቤው ያንን ቤተሰብ በስም በስሙ፣ በችግር በችግሩ ማሳየት አለበት። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ደብዳቤ አይረዳም።

ምትክ ስፖንሰር ነገሩ የሚቋረጥበት ሌላው ቦታ ነው። የሞተው ሰው ስፖንሰር መሆን ስለማይችል፣ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው አይ-864 የሚባለውን የስፖንሰርነት ፎርም መፈረም አለበት። ይህ የተፈቀደው በ2002 በወጣ ሕግ ነው። ምትኩ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር፣ ገቢውም ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ የሚደርስ መሆን አለበት። ዝምድናውም በሕጉ ተወስኗል። የተጠሪው የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ አማት፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ አማች፣ የባል ወይም የሚስት ወንድምና እህት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ ወይም ሕጋዊ ሞግዚት ሊሆን ይችላል። አጎትና አክስት በዝርዝሩ የሉም። የአጎትና የአክስት ልጅም የለም። ጓደኛ፣ ክርስትና አባት፣ የሰፈር ልጅ የለም። በእኛ ዘንድ አጎት እንደ አባት ነው፤ ያሳደገም አጎት ይኖራል፤ ሕጉ ግን ሕጋዊ ሞግዚት ካልሆነ አይቀበለውም። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ማን ሊፈርም እንደሚችል ይቁጠር።

ፔቲሽኑ ሳይጸድቅ ሰውየው ከሞተና ከእናንተ ውስጥ አሜሪካ የሚኖር ከሌለ፣ ይህን መናገር ይከብደኛል፣ ሕጉ ምንም አላስቀመጠም። ልመናውም አይሠራም፤ የሚመለሰው የጸደቀ ብቻ ነው። ያለው መንገድ ሌላ ብቁ ዘመድ አዲስ ፔቲሽን እንዲያስገባ ነው፤ የድሮው የተራ ቀንም አይተላለፍም፣ ከዜሮ ይጀመራል። ለዚህ ነው ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘመድ ማመልከቱ ጥሩ የሚሆነው። እናትም እህትም ዜጋ ከሆኑ፣ ሁለቱም ለአንዱ ልጅና ወንድም ማመልከት ይችላሉ፤ ሕጉ አይከለክልም። ገንዘቡ ያሳሳል፤ ግን አንዷ ብትሞት የሌላይቱ በራሱ ይቆማል።

የሞተው አመልካቹ ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው ራሱ ሲሆንስ? አሜሪካ ያለችው እህት ደህና ነች፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ሞተ። ሚስቱና ልጆቹ በእሱ ስም ስር ነበር የሚገቡት። ከእነሱ አንዱ በሞቱ ዕለት አሜሪካ ይኖር ካልነበረ ዕድሉ ከእሱ ጋር ያልፋል። የዲቪ ሎተሪም እንዲሁ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ከሞተ ሚስቱና ልጆቹ በእሱ ዕጣ መሄድ አይችሉም። በእጮኛ ቪዛ የምትጠብቅ ሴትም፣ እጮኛዋ ከሠርጉ በፊት ከሞተ እንደ መበለት አትቆጠርም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚመከር ስለሆነ። ቪዛው ወጥቷል፣ ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፏል፣ ሻንጣው ተዘጋጅቷል። በዚህ መሀል ያመለከተው አባት አሜሪካ ሞተ። «ዝም በል፣ ግባ፣ ማን ያውቃል» ይባላል። አትስሙ። ጉዞው ሳይጀመር አመልካቹ ከሞተ ፔቲሽኑ ተሰርዟል፣ ቪዛውም መሠረት የለውም። ኤርፖርት ላይ ማንም ባይጠይቅ እንኳ፣ ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክቱ መኮንኑ የአባትየውን የሞት ቀንና እናንተ የገባችሁበትን ቀን ጎን ለጎን ማየቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሥራ፣ ቤት፣ ልጆች አሉ፤ የሚጠፋው ይህ ሁሉ ነው። መሞቱን ለኤምባሲው አሳውቃችሁ፣ ፔቲሽኑ እንዲመለስ ጠይቁ። የጸደቀ ስለሆነ ቢያንስ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ሰነዱን በተመለከተ፣ ሰውየው አሜሪካ ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ስቴቱ ወይም ካውንቲው ነው። የተረጋገጡ ብዙ ቅጂዎች ውሰዱ፤ ለባንክም ለኢንሹራንስም ስለሚጠየቅ ያልቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሞተ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይመዝገብ። ዜጋ ከነበረ የአሜሪካ ኤምባሲም የዜጋውን መሞት የሚገልጽ የቆንስላ ሪፖርት ይሰጣል። ስሙ እንዴት እንደተጻፈ እያንዳንዱን ፊደል ተመልከቱ። ፔቲሽኑ ላይ አንድ ዓይነት፣ የሞት ወረቀቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ፣ የአያት ስም ተዘሎ ወይም የክርስትና ስም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀኑም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲዞር በትክክል ይዙር፤ የሁለት ዓመቱ ቆጠራ የሚነሳው ከዚያ ቀን ነው።

በየከተማው ላላችሁ የዕድር መሪዎች አንድ ልመና አለኝ። አስከሬን ስትልኩ፣ ድንኳን ስትተክሉ፣ ወጪ ስትሸፍኑ ቤተሰቡን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፤ ሟቹ ለማን ፔቲሽን አስገብቶ ነበር? ያንን የሚያውቀው አንዳንዴ ሟቹ ብቻ ነው። የደረሰኙ ቁጥር፣ ሦስት ፊደልና 10 አኃዝ ያለው፣ በመሳቢያው ወይም በኢሜይሉ ውስጥ ተቀምጧል። በሕይወት ያላችሁ አመልካቾችም ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ ዛሬ ለተጠሪያችሁና ለሌላ አንድ ዘመድ ላኩ። የኢሜይላችሁንና የቪዛ ማዕከሉን አካውንት መግቢያም የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ለምክር የምትሄዱበትን ሰው ለዩ። በኢሚግሬሽን ጉዳይ ምክር መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ወኪል ነው። ፎርም የሚሞላና የሚተረጉም ሰው ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለውም። «እርግጠኛ ነው፣ አስመልሰዋለሁ» የሚል ካለ ሽሹ፤ በዛሬው ዝግጅት እንደሰማችሁት እነዚህ ልመናዎች በባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚወሰኑ ናቸውና ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። እኛም የነገርናችሁ አጠቃላይ ሕጉን ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የራሱ ዝርዝር ስላለው፣ ሕጉም ስለሚሻሻል፣ ከመወሰናችሁ በፊት ሰነዳችሁን የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን፣ ፔቲሽኑ ሲጠበቅ 21 ዓመት ስለሞላቸው ልጆች፣ ዕድሜያቸው በሕጉ እንዴት እንደሚሰላ እናያለን።